የሰፈራችን አረንጓዴ በሮች

የእድሳት ድርጅቱን ረግሜዋለሁ፤ አልክድም። አሁን ደግሞ ልመርቀው ነው። እስቲ ስሙኝማ።

በሚሊኒየሙ ዓመት፣ የድሮ ሰፈሮችን የሚያድስ የመንግሥት ድርጅት ቡሬ መጣብን። ጥንት በበቅሎ የሚጭን ነጋዴ ያድርበት የነበረውን የእኛን መንገድ፣ ቤቶቹን ሳያፈርስ ሊያድስ ነው። እሰይ አልሁ። ግድግዳው በጭቃና በጭድ ተመረገ፣ ቆርቆሮው ተቀየረ። ኋላ ግን አንዷለም የሚባል ለጋ ኢንጂነር መጣና "እማማ ሲሳይነሽ፣ መንገዱ አንድ ዓይነት እንዲሆን በሩ ሁሉ ቡናማ ይቀባል" አለኝ።

"ኧረ ወዲያ! የኔን በር እንዳትነካ!"

ባሌን ባምላኩን ነዋ የፈራሁለት። ልቡናው እየጠፋበት ነው፤ የልጆቹን ስም እንኳ ረስቷል። ጠዋት ኪዳን አድርሶ ሲመለስ ቤቱን የሚያውቀው በበሩ ብቻ ነው። ራሱ ነው አረንጓዴ የቀባው፤ በሰፈሩ ሌላ አረንጓዴ በር አልነበረም። ታዲያ ባሌ ጃጀብኝ ብዬ ለማላውቀው ልጅ ላውራ? አፈርሁ። "አረንጓዴ ነው የምወደው፣ በሞቴ" ብቻ አልሁት።

ልጁ ደግ ነው፤ ጥፋቱም ደግነቱ ነው። በሳምንቱ ከወፍጮ ቤት ስመለስ የመንገዱ በር ሁሉ፣ አሥራ አራቱም፣ አረንጓዴ! አንዷለም ቀለም የነካው እጁን እያሻሸ "እማማ፣ እርስዎ ስለወደዱት አለቆቼን ለምኜ ሁሉንም አረንጓዴ አስደረግሁት" አይለኝም?

"ምን አደረግኸኝ!" ብዬ ዱቄቱን መሬት ላይ ጣልሁት። የደበቅሁትን ሁሉ ያን ጊዜ ዘረገፍሁለት። ባምላኩ የሚመለስበት ሰዓት አልፏል፤ ቤት የለም።

ልጁ ፊቱ አመድ መሰለ። በር በር እያንኳኳን ሮጥን። ጎረቤቴ ንግሥቴ ዘንድ ስንደርስ "መጥተው ነበር፤ ቤቴ ነው ብለው ገቡ። ውኃ ጠጥተው መርቀውኝ ወጡ" አለችኝ።

"ቤትዎ አይደለም አላልሽውም?" አልኋት።

"እንዴት አድርጌ?" አለችና ዓይኗን ሰበረች።

ዘጠነኛው በር የባለ ሱቁ የእጅጉ ነው። እጅጉ ሱቁን ዘግቶ፣ ባምላኩን መደብ ላይ አስቀምጦ እግሩን ያጥብለታል። ለካ ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ኖሯል! እኔ ነኝ ሞኟ፣ ዓመት ሙሉ ብቻዬን ስሸሽግ የኖርሁት።

አንዷለም ከደጅ ቆሞ "እማማ፣ የሌሎቹን በር ነገውኑ ቡናማ አስቀባዋለሁ" አለ።

"ተወው ልጄ" አልሁት። "ደስ ያለው ዘንድ ይግባ።"

ባምላኩ ቀና ብሎ አየኝ። አላወቀኝም። ሌላው ሁሉ ሲጠፋበት እኔን ረስቶኝ አያውቅም ነበር። ፈገግ ብሎ "ይግቡ፣ ይቀመጡ እመቤቴ" አለኝ። "ባለቤቴ ወጣ ብላ ነው፤ አሁን ትመጣለች። ሳያዩዋት እንዳይሄዱ፣ ሲሳይነሽ ሰው ትወዳለች።"

አጠገቡ ተቀመጥሁ።

"እንጠብቃታለን" አልሁት።