ድንጋይ የሚችል ስፌት

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ዶክተር አበቡ የድብ ባሕሩን አያ ዳኛውን ገና በምርመራ ክፍሉ በር ሲገቡ ለየቻቸው። እሳቸው ግን አላወቋትም። ከድብ ባሕር ስትወጣ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን ጎንደር ላይ ስሟ የተጠራ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ናት።

አያ ዳኛው የእናቷን የምንዳዬን ማሳ የገፉት አባቷ በሞተ በዓመቱ ነው። ሽማግሎች ተሰብስበው ቢያስምሏቸው «የድንበሩ ድንጋይ አባቴ ካስቀመጠበት ንቅንቅ አላለም» ብለው በታቦት ማሉ። ለመበለት ማን ይመሰክራል? ምንዳዬ ከመሬቷም በላይ ስሟን አጣች፤ «ውሸታሟ» ተብላ ልጇን ይዛ ደባርቅ ወጣች፤ የሰው ልብስ እያጠበችም አስተማረቻት። ዛሬ ጎንደር፣ ማራኪ ሰፈር፣ ልጇ የተከራየችው ቤት ውስጥ ተቀምጣ እንኳ የዚያ ድንጋይ ነገር ከአፏ አይጠፋም።

«ቡአው መቼ ጀመረዎት?» አለች አበቡ፣ ካርዱ ላይ አቀርቅራ።

ሽማግሌው ክንዱ የሚባለውን ልጃቸውን «እስቲ ውጭ ቆየኝ» ብለው አስወጡት። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፣ ልጄ። አደንዝዛችሁ ስትቀዱኝ ባልነቃስ? ለነፍስ አባቴ ያልነገርሁትን ልንገርሽ። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። ሰው ሁሉ ቅዳሴ ሄዶ ሳለ፣ የድንበር ድንጋይ ለብቻዬ አንስቼ ወዲያ አሻገርሁ። ያን ጊዜ ነው ብሽሽቴ ላይ አንዳች ነገር ጧ ያለው። ኋላም በሐሰት ማልሁ።»

አበቡ ካርዱ ላይ «ከባድ ድንጋይ ሲያነሱ» ብላ ጻፈችና ቀጠሮ ሰጠቻቸው።

ከቀዶ ሕክምና በፊት እጇን ስትታጠብ በስመ አብ ማለት ልማዷ ነበር። የዚያን ቀን ግን አላለችም፤ ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ነውና። ሽማግሌው ራሳቸውን ስተው ተዘርግተዋል። በሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ካሜራና መሣሪያ ገብቶ፣ የላላው ቦታ በመረብ ሊደገፍና ሊሰፋ ነው። አንድ ስፌት ብታላላ ማንም አያውቅባትም። አሰበችው፤ አሰበችውና ጣፈጣት።

ሲስተር ፈህሚያ የተለመደውን ቀጥ ያለ መሣሪያ አቀበለቻት። እሱ እንደ ማማሰያ ወደፊትና ወደኋላ እንጂ ጥግ አይዞርም።

«የሚታጠፈውን ስጪኝ» አለች አበቡ። ጫፉ እንደ እጅ አንጓ የሚዞር አንድ መሣሪያ ነበራቸው፤ በስስት ነው የሚያወጡት።

«ለዚህ? ለከባዱ ብለን ነው እኮ ያስቀመጥነው።»

«ከዚህ የከበደ አይመጣም።»

መርፌው ቀጥ ያለው መሣሪያ በማይደርስበት ጥግ ሁሉ እየታጠፈ ገባ። አበቡ በሕይወቷ እንዲያ አድርጋ ሰፍታ አታውቅም። አንዱን ስፌት ሁለት ጊዜ ፈታ መልሳ ሰፋችው። ፈህሚያ ሽማግሌው የአበቡ ዘመድ መስለዋት አዘነችላት።

በማግስቱ አያ ዳኛው ተቀምጠው ሾርባ ሲጠጡ አገኘቻቸው። ክንዱ አጠገባቸው ነበር።

«እጅሽ ይባረክ» አሉ። «ለመሆኑ፣ የማን ልጅ ነሽ? ወላጆችሽን ልመርቅ።»

«የምንዳዬ ልጅ ነኝ። የድንበርተኛዎ።»

ኩባያው ከአፋቸው ሳይደርስ ቆመ።

«ለሁለት ወር ከባድ ነገር አያንሡ» አለች አበቡ፣ እንደ ማንኛውም በሽተኛ እያስረዳች። «ከዚያ ወዲያ ያን ድንጋይ ለብቻዎ አንሥተው ወደ ቦታው ይመልሱታል። ስፌቱ ይችለዋል፤ ለእሱ ብዬ ነው የሰፋሁት። እሑድ ያድርጉት፤ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ። እናቴን ይዤ መጥቼ ዳር ላይ ቆመን እናያለን።»

ክንዱ አንዴ አባቱን፣ አንዴ ሐኪሟን አየ። «የምን ድንጋይ ነው፣ አባ?»

አያ ዳኛው ብሽሽታቸውን በመዳፋቸው ይዘው አንገታቸውን ደፉ። አበቡ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ለልጃቸው እስኪነግሩት ድረስ የምትሄድበት አልነበራትም።