የሚስ ሃያም ካርቶን

ኢንሽራሕ የመቀሱን ጫፍ ከካርቶኑ ፕላስተር ሥር አስገብታ ልትቀደው ስትል ልጇ ሩቃያ ከወጥ ቤት ሮጣ መጥታ በሁለት እጇ ሸፈነችው።

"እማዬ፣ ከተከፈተማ ምን ዋጋ አለው? የሳይንስ አስተማሪያችን ሚስ ሃያም እንዳትከፍቱት ብላናለች።"

"ታዲያ ውስጡ ያለውን በምን ታውቂዋለሽ?"

"አነቃንቄ፣ አዘንብዬ፣ ማግኔት አስጠግቼ። ከዚያ የማውቀውንና የምገምተውን ለይቼ ክፍል ውስጥ እናገራለሁ።"

"መጨረሻ ላይ መልሱን ትነግራችኋለች?"

"አትነግረንም።"

ኢንሽራሕ መቀሱን የስፌት መኪናው ላይ አስቀመጠች። የፈለገችውን አግኝታለች። በሚት ጋምር ከተማ አስተማሪ መልስ ደብቆ ሲቀመጥ ለምን እንደሆነ የማያውቅ ወላጅ የለም። መልሱ ከሰዓት በኋላ በአስተማሪው ቤት ለከፈለ ይሰጣል። ባለፈው ዓመት የሒሳቡ አስተማሪ ስሌቱን ሰሌዳው ላይ እስከ ግማሽ አድርሶ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጁ አራግፎ ወጥቷል። የቀረውን የሰሙት ሳሎኑ ድረስ ሄደው ያጠኑት ብቻ ናቸው። ይቺ ደግሞ በካርቶን መጣች፤ ሰውየውስ ቢያንስ ግማሹን ያስተምር ነበር።

ሩቃያ ዘንድሮ የመካከለኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና ትወስዳለች። ውጤቷ ካነሰ የሚጠብቃት የሙያ ትምህርት ቤት ነው። ኢንሽራሕ ራሷ ጥቂት ነጥብ ጎድሏት ወደዚያ ተልካ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ የሰው ልጆች ዩኒፎርም ትሰፋለች። ልጇ እንደሷ እንዳትቀር ትፈራለች። ስትፈራ ደግሞ ሰው ማመን አይሆንላትም።

ጎረቤቷ፣ "ማክሰኞ ማክሰኞ ተማሪዎች ሃያም ቤት ሲገቡ አያለሁ" ብላታለች። ኢንሽራሕ ማክሰኞ ከሰዓት ስፌቷን ትታ ከሃያም ቤት ፊት ለፊት ካለው የሸንኮራ ጭማቂ ቤት በር ላይ ቆመች። አንድ ብርጭቆ አዝዛ በትንሽ በትንሹ እየጠጣች ጠበቀች። አራት ልጃገረዶች መጡ፤ ከሩቃያ ክፍል ጎን ያለው ክፍል ልጆች ናቸው። ወደ ደረጃው ሲገቡ ሳቃቸውን አፈኑ። ወዲያው ደግሞ የሁለተኛው ፎቅ መጋረጃ ተዘጋ። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?

ቤት ስትደርስ ሩቃያ ካርቶኑን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ አገኘቻት።

"ያቺን አስተማሪሽን በዓይኔ በብረቱ አየኋት። ልጆቹን ቤቷ ስታስጠና።"

"ስታስጠና አየሻት? ወይስ ሲገቡ ነው ያየሽው?"

"ምን ልዩነት አለው? የሞሎኪያ ወጥ ሊበሉ ነው የገቡት?"

"አላውቅም። አንቺም አታውቂም። ሊያጠኑ ቢሆን ምን ይዘው ይመጡ ነበር?"

"ሂጂ ወደዚያ! እኔን ትመረምሪኛለሽ?"

ሩቃያ ሳቋን እየዋጠች ወጣች። ኢንሽራሕ ብቻዋን ስትቀር ካርቶኑን አንስታ አንዴ ነቀነቀችው። አንድ የሚንከባለል ነገር አለ፤ ሌላ ደግሞ ዝም ብሎ የሚንሸራተት። ሦስተኛ ነገር መኖሩን ለማወቅ ልትደግመው ብላ በራሷ ተናደደችና መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ወደ ርዕሰ መምህሩ ወደ ኡስታዝ ሸዋድፊ ቢሮ ሄደች። ከዚህ በፊት ልጇን ስታስመዘግብ በር ላይ አቁሟት ነበር፤ ዛሬ ወንበር ስቦ አስቀመጣትና ሻይ አዘዘላት። ሻዩ ገና ሳይመጣ ጠረጠረች።

"የሩቃያ እናት፣ ወሬውን እኔም ከሰማሁ ቆየሁ" አላት። "ያጣሁት ምስክር ነው። ቤቷ ስታስጠና አይቻለሁ በይኝ እንጂ ዛሬውኑ ከክፍሉ አነሳታለሁ።"

"በእሷ ቦታ ማን ይገባል?"

"የወንድሜ ልጅ አለ፣ በጣም ጎበዝ ነው። ቤቱም ለእናንተ ቅርብ ነው።"

ኢንሽራሕ ሻዩን ልታነሳ የዘረጋችውን እጅ ሰበሰበች። ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ሰው ቤቱ ቀረበ ራቀ እሷን ምን አገባት?

"እሺ፣ ያየሽውን ንገሪኝ" አለ ሸዋድፊ።

"አራት ልጆች ሲገቡ አየሁ።"

"ለጥናት።"

አዎ ልትል አፏን ከፈተች። የሩቃያ ጥያቄ ግን ጭንቅላቷ ውስጥ ተቀምጦ አልነሳም አላት፤ ምን ይዘው ነበር? ልጆቹን አንድ በአንድ አስታወሰቻቸው። ደብተር የያዘች አልነበረችም። ፊት ፊት የሄደችው ክዳኑ በፎጣ የታሰረ ድስት በሁለት እጇ አቅፋ ነበር። የመጨረሻዋ ደግሞ አንድ ፌስታል ብርቱካን ይዛለች። ፌስታሉ ከብዷት ደረጃው ላይ ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው ስታዛውረው ኢንሽራሕ በዓይኗ አይታለች። ማንም ሰው በዚህ ከተማ ሊያጠና ሲሄድ ብርቱካን አይዝም። ብርቱካን የሚያዘው በሽተኛ ሲጠየቅ ነው።

"ብርቱካን ይዘው ነበር" አለች።

"ምን?"

"ብርቱካን። ደብተር ግን አልያዙም።"

"ያው ነው። በገንዘብ ፈንታ ይሆናላ።"

"ሊሆን ይችላል። እኔ ግን አላየሁም።"

የሸዋድፊ ፊት ጠቆረ። "ካላየሽ ታዲያ ምን ልትሠሪ መጣሽ?"

"ስመጣማ ያየሁ መስሎኝ ነበር።"

ሻዩን ሳትነካው ተነስታ ወጣች። መንገድ ላይ ልቧ አልረጋም። ሰውየውን አላመነችውም፤ ሃያምንም ቢሆን ገና አላመነቻትም። የፌስታል ብርቱካን አስተማሪን ነጻ አያወጣም። ምናልባት ሃያም እናቷ ታማባት ይሆናል፣ ምናልባትም ሸዋድፊ እንዳለው ነው። እዚህ መንገድ ላይ ቆሞ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም።

የስፌት ቤቷ በግራ በኩል ነው። እሷ ግን ቀጥ ብላ ፍራፍሬ ተራ ገባችና አንድ ኪሎ ብርቱካን አስመዘነች፤ ለስለስ ያሉትን እየለየች ለነጋዴው መለሰችለት።

ነጋዴው ፌስታሉን እየቋጠረ፣ "አላህ ያሽርልሽ። ማን ነው የታመመው?" አላት።

"እሱን ገና ሄጄ ላየው ነው" አለችና ወደ ሃያም ቤት የሚወስደውን መንገድ ያዘች።