መስቀሉን የበላው ታብሌት

ከዳኑብ ወንዝ እስከ ካርፓቲያን ተራሮች እንደ ኮስታኬ ያለ የቴክኖሎጂ ሊቅ አልተወለደም። ይህን የሚለው ራሱ ኮስታኬ ነው። በፕሩኒ መንደር የሚከራከረውም አልነበረም፤ አንዴ ማውራት ከጀመረ ጣልቃ የሚገባበት ክፍተት አይገኝማ! የጎረቤቱን ቴሌቪዥን በጥፊ መትቶ ካስነሳ ወዲህ፣ መንደሩ ከጨለማ የወጣው በእሱ መዳፍ እንደሆነ ይተርክ ነበር።

በዚያ ዓመት የቄስ ኢላሪዮን ዓይን ደከመ። በፕሩኒ እያንዳንዱ ቤት በእጁ ጽፎ ለቄሱ የሚሰጠው የስም ወረቀት አለ። በግራ በኩል በሕይወት ያሉት ይጻፋሉ፤ በቀኝ በኩል፣ ከላዩ መስቀል ተሥሎ፣ የሞቱት። የአባት ስም የለ፣ ማብራሪያ የለ። ቄሱ ለግራዎቹ ጤና፣ ለቀኞቹ ዕረፍት ይለምናሉ። የአሮጊቶቹ ጽሕፈት ግን ዶሮ የጫረችው ጓሮ ነው።

«አባ፣ ይሄን ለኔ ይተዉት» አለ ኮስታኬ ደረቱን ነፍቶ። «ወረቀቶቹን በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፤ መተግበሪያው አንብቦ በዚህ ታብሌት ላይ ጣት ጣት በሚያካክል ፊደል ያወጣልዎታል። ቡካሬስት ያሉት ካቴድራሎች እንኳ ገና አላዩትም!»

አማቱ እማማ ሳቬታ ወረቀታቸውን ሲሰጡት ፊታቸው አልተፈታም።

«ጽሕፈቴ ምን ሆነና ነው? እግዜር ይሄን ሁሉ ዘመን አንብቦት የለ?»

«እግዜር መነጽር አያስፈልገውም፣ እማማ።»

ኮስታኬ አማቱን የሚያስቀይምበት ምክንያት አልነበረውም። እማማ ሳቬታ የፕሪም አረቄ የሚወጣበት የመዳብ ማውጫ አላቸው፤ በመጸው ላንተ ነው ብለውታል። ማውጫው እንደ ማንኛውም ማውጫ ነው፤ በኮስታኬ ወሬ ውስጥ ግን አድጎ አድጎ የደወሉን ማማ ሊያክል ምንም አልቀረውም።

የሙታን መታሰቢያ ቅዳሜ ደረሰ። ሕዝቡ በማር የታሸ ንፍሮውን ይዞ ቤተ ክርስቲያኑን ሞላው። ቄስ ኢላሪዮን ታብሌቱን ከፍ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ቄሱ ንባብ ከያዙ ቁልቁለት ያገኘ ጋሪ ናቸው።

«ነፍሳቸውን አሳርፍ፤ የኢላሪዮንን፣ የሳቬታን፣ የዛምፊራን...»

እማማ ሳቬታ ከፊት ወንበር ላይ ደርቀው ቀሩ። ዛምፊራ ልጃቸው፣ የኮስታኬ ሚስት፣ አማተበች። ቄሱ ቀጠሉ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ሞተ፣ ነርሷ ሞተች፣ ሻማ ሻጯ ሻማ እየሸጠች ሞተች። እያንዳንዱ ወረቀት በቄሱ ስም ስለሚጀምር ቄስ ኢላሪዮን ራሳቸውን ደጋግመው ቀበሩ፤ ያወቁትም ድምፃቸው ሲሰልል ነው።

«ኢላሪዮን...» አሉና ቆሙ። «ይሄ እኔ አይደለሁ እንዴ?»

መተግበሪያው አንድም ስም አልሳተም። መስቀሉን ግን ፊደል ስላልሆነ ጥሎት፣ ግራና ቀኙን ባንድ ረድፍ አሰልፎት ነበር። ኮስታኬ ሥራውን መለስ ብሎ አላየውም፤ ሊቅ የራሱን ሥራ ያርማል እንዴ?

ችግሩ ይህ ብቻ ቢሆን በሳቅ ባለፈ። በፕሩኒ ግን ጠላቱን ማጥፋት የፈለገ ሰው መርዝ አይገዛም፤ የጠላቱን ስም ከመስቀሉ ሥር ይጽፋል ይባላል። ኮስታኬ ታብሌቱን ከቄሱ ተቀብሎ ቤት ሲገባ ምድጃው ቀዝቅዟል። እማማ ሳቬታ ጥቁር ሻሻቸውን አስረው፣ እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ምሳ የለም እንዴ፣ እማማ?»

«ሙት ሩዝ በጎመን አይጠቀልልም። ሂድና ታብሌትህን ብላ!»

«ስሕተት ነው እኮ! በማርያም!»

«ማውጫዬን እስከ መጸው መታገሥ አቅቶህ ነው። አንተ ሞት የላከህ!»

«እማማ፣ እርስዎን መግደል ብፈልግ ቄሱን ምን በደሉኝ? ሚስቴንስ? መንደሩን በሙሉ ጨረስኩት እኮ!»

«ያንተስ ስም?» አሉ እማማ ሳቬታ ጣታቸውን ቀስረው። «ሁላችንን ስትቀብር አንተ የት ነበርክ? እንዴት አልተጠራህም?»

ኮስታኬ ታብሌቱን አውጥቶ ወደ ታች ገፋ፣ ወደ ላይ መለሰ። እውነትም የለም።

«ያልተጠራሁት...» አለ ቀስ ብሎ፣ «ማንም ስላልጻፈኝ ነዋ።»

ዛምፊራ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ፣ የቤታችንን ወረቀት የምትጽፊው አንቺ ነሽ።»

እማማ ሳቬታ ሻሻቸውን አስተካከሉ። «ቦታ አልበቃኝም።»

«ለአክስትሽ ልጅ ባል በቅቶ?»

«እሱ ዝምተኛ ነው።»

ኮስታኬ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው አጣ። ዝምታው እስከ ወንዙ ማዶ ተሰማ፤ ውሾች ሳይቀሩ መጮኽ አቆሙ።

እማማ ሳቬታ ሲያዩት አንጀታቸው አልቻለም። አዲስ ወረቀት ጎተቱና በግራ በኩል ጫፍ ላይ፣ ጉልህ አድርገው «ኮስታኬ» ብለው ጻፉ። ቀጥለው ጆንያ ላይ የሚጻፍበትን ወፍራም ማርከር አነሱ፤ ታብሌቱን ከእጁ ነጥቀው መስታወቱ ላይ ትልቅ መስቀል ሣሉ።

«እማማ! ይሄ እኮ አይለቅም!»

«እንዳይለቅማ ነው። የሞተ ሰው እዚህ ይግባ፤ አይለወጥ፣ አይጨመርበት፣ አይጣላኝ። በሕይወት ያለው ግን በእጅ ነው የሚጻፈው። ጠዋት የሰደብኩትን ሰው ሳስብበት ውዬ ማታ እጽፈዋለሁ።»

ቄስ ኢላሪዮን ነገሩን ወደዱት፤ ሙታኑን ከታብሌቱ ያነባሉ፣ በሕይወት ያሉትን ከወረቀት። ኮስታኬ ደግሞ ሐሳቡ ከመጀመሪያውም የእሱ እንደነበር ለአውራጃው በሙሉ አወራ።

«ማውጫውስ፣ እማማ?» ይላል አንዳንዴ።

«በመጸው። ስምህ ከየትኛው ወገን እንደሚውል አይቼ።»

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የፕሩኒው ሊቅ የአማቱን እርሳስ ይቀርጻል፣ መነጽራቸውን ይወለውላል፣ ከትከሻቸው በላይ ሆኖ ይቆማል። እማማ ሳቬታ ቄሱን ይጽፋሉ፣ ራሳቸውን ይጽፋሉ፣ ዛምፊራን ይጽፋሉ። ከዚያ እርሳሱን ከወረቀቱ መሃል በላይ አንሳፍፈው ቀና ይሉና አማቻቸውን ያዩታል።

«ዛሬ የምድጃው አመድ አልተጠረገም ልበል?»

ኮስታኬ መጥረጊያውን ይዞ ይሮጣል።