ሰው ያላደረበት ክፍል

«ማነው?» አለ ከውስጥ አንድ የማያውቁት የወንድ ድምፅ።

ባልየው የመክፈቻ ካርዱን ከበሩ ላይ አነሳና ቁጥሩን ቀና ብሎ አየው። ቁጥሩ የራሳቸው ነው፤ ሌሊቱን ያደሩበት፣ ጠዋት ዳቦ ጠብሰው የበሉበት አፓርታማ ነው። በሩ ገርበብ ሲል ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል ያደረገ ጎልማሳ ብቅ አለ። ከበስተኋላው ሁለት ሕፃናት ሶፋው ላይ ይዘላሉ። ፌንጣ በሰውየው ክንድ ሥር አጮልቃ አየችና፣ «አባዬ፣ ቤታችንን ሰው ወረሰው!» ብላ ጮኸች። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ አንድ ቦታ ረግታ መቀመጥ ስለማትችል ስሟ ተረስቶ ፌንጣ ሆና ቀርታለች።

እናትየው ከኋላቸው ቆማለች። ሌላ ሴት ብትሆን «ኧረ በሕግ አምላክ!» ብላ ፎቁን ታናውጠው ነበር፤ እሷ እቴ! ሰውየውን አየችው፣ ፎጣውን አየችው፣ ከዚያ ወደ ሊፍቱ ዞራ ተራመደች።

ወደዚህ ትልቅ ከተማ ያመጣት ባሏ ነው። እናቷ ከሞተች ወዲህ አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ሥራ ትሄዳለች፣ ትመለሳለች፣ ታበስላለች፣ ትተኛለች። ነርስ ናት፤ በሽተኞቿ እንደ በፊቱ ይመርቋታል። ቤት ውስጥ ግን ፌንጣ እንኳ ጉልበቷ ሲላጥ ወደ አባቷ መሮጥ ጀምራለች። ባልየው ቢጨንቀው ለቅዳሜና እሑድ ይህን አፓርታማ ተከራየ፤ ሁለት መኝታ ያለው፣ ወጥ ቤቱ ከነዕቃው፣ ከበረንዳው ላይ ሐይቅ የሚታይ። ትንሽ ካረፈች ወደ ራሷ ትመለሳለች ብሎ ነበር።

አልተመለሰችም። ጠዋት ልጅቷ መታጠቢያ ቤት ገብታ ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ቁርጡን ነገራት።

«ልጅቷ ካንቺ እየሸሸች ነው። እኔም መላው ጠፍቶኛል። ለጊዜው እህቴ ጋ ትሁን፤ እዚያ ቢያንስ የሚስቅ ሰው አለ። እስከ ማታ አስቢበትና ንገሪኝ።»

«እሺ» አለች።

«እሺ ብቻ?»

«አስብበታለሁ።»

ብትሰድበው፣ ብርጭቆ ብትወረውርበት በወደደ ነበር። ልጁን ይዞ «ታች እንጠብቅሻለን» ብሎ ወጣ። እሷ ግን «ትንሽ ላስተካክል» ብላ ቀረች፤ ከዚያ ወርዳ አብራቸው ጀልባ ተሳፈረች፣ ፎቶም ተነሳች።

አሁን እንግዳ መቀበያው ጋ ሻንጣዎቻቸው ተደርድረው ጠበቋቸው። እንግዳ ተቀባይዋ ይቅርታዋን አዥጎደጎደችና ወዲያው የጽዳት ሠራተኛዋን አስጠርታ በሰው ፊት ታብጠለጥላት ጀመር። ሠራተኛዋ ጠና ያለች ሴት ናት፤ ሲቆጧት አንገቷን የምትደፋ ዓይነት አይደለችም።

«እኔ ምን ላድርግ ታዲያ! ፍራሹ ተወልውሎ፣ አንሶላው ተጠቅልሎ፣ ሻንጣው በር ላይ፣ አንደኛው ካርድ ጠረጴዛ ላይ። መሳቢያው ሳይቀር ተጠርጓል። የሄዱ መስሎኝ ነው እንጂ! ብንደውል ስልካቸው አይሠራ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው ያደረበት ክፍል አይመስልም እኮ!»

ጀልባው ላይ ኔትወርክ አልነበረም። ባልየው የሠራተኛዋ ነገር አስቆት ነበር፤ ሚስቱን ሲያይ ግን ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ።

«እሷን አትቆጪያት» አለች ነርሷ ለእንግዳ ተቀባይዋ። «የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አይሁን። ዕቃውን ያነሳሁት እኔ ነኝ። በሽተኛ ሲወጣ እንደዚያ ነው የምናደርገው።»

«እና ማን ወጣ?» አለች ሠራተኛዋ ግራ ተጋብታ።

ነርሷ ጎንበስ ብላ የሻንጣዋን ዚፕ አስተካከለች። ባሏ ግን መልሱን ያውቃል። እናቷ የሞተችው ነርሷ በምትሠራበት ሆስፒታል፣ በራሷ ተረኝነት ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሌላ በሽተኛ አልጋ እየጠበቀ ስለነበር ሰው እስኪያግዛት አልቆየችም። አስከሬኑ እንደወጣ አንሶላውን ገፈፈች፣ ፍራሹን በመድኃኒት ወለወለች፣ ኮመዲኖውን ባዶ አደረገች፣ ንጹሕ አንሶላ አነጠፈች። አዲሱ በሽተኛ ሲተኛም ትራሱን አስተካከለችለት። ባልደረቦቿ «ጀግና!» አሏት። ያን ቀን ያላለቀሰችው ልቅሶ ወዴት እንደሄደ እሷም አታውቅም።

ሌላ ክፍል እስኪዘጋጅ ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ፌንጣ ወዲያ ማዶ የውሃ ማሽኑን ቁልፍ ትጫናለች፤ ቀዝቃዛ፣ ሙቅ፣ ቀዝቃዛ።

«እስከ ማታ ያልኩሽን አሁን ንገሪኝ» አለ ባልየው። «ልቤ ተንጠልጥሎ መዋሉ በቃኝ።»

ነርሷ ልጇን አየቻት። ልጅቷ ብትሄድ ምን እንደሚሰማት በውስጧ ፈለገች፤ ማደንዘዣ እንደተወጋ ድድ ሆነባት፣ የራሷ ነው፣ ግን የለም። ይህ ሊያስፈራት ይገባ ነበር፤ ፍርሃቱም አልመጣላትም።

«ልዋሽህ አልፈልግም» አለች። «ምንም አይሰማኝም። ለሷም፣ ላንተም። ግን የትም አትሄድም።»

«ሳይሰማሽ እንዴት አድርገሽ?»

«እግሩ የደነዘዘ ሰው ስንቱን አስታምሜያለሁ። አይሰማውም ተብሎ እግሩ አይጣልም። ይታጠባል፣ ይገላበጣል፣ እንዳይቆስል ይጠበቃል። ጠጉሯን እሠራለሁ፣ ምሳዋን እቋጥራለሁ፣ አጠገቧ እተኛለሁ። ሲመጣ ይምጣ፤ ባይመጣም እዚያው ነኝ።»

ባልየው ፊቱን በሁለት እጁ አሸ።

ልጅ እኮ ያልሰማ ሲመስል ነው የሚሰማው። ፌንጣ የወረቀት ኩባያዋን አስቀምጣ መጣችና እናቷ አጠገብ ተለጥፋ ተቀመጠች። ለወትሮው የሚወዛወዙት እግሮቿ እንኳ አልተንቀሳቀሱም።

«እውነት ምንም አይሰማሽም?»

«ማን አለሽ?»

«ራስሽ ነሽ።»

ከዚያ በሁለት ጣቷ የእናቷን ክንድ ያዝ አድርጋ ቆነጠጠች፤ ቀስ ብላ፣ ፊት ፊቷን እያየች።

«ይሄስ?»

ነርሷ ክንዷን አልሳበችም። እንግዳ ተቀባይዋ አዲሱን ካርድ ይዛ እየመጣች ነበር፤ ባልየው «አንዴ ቆዪ» በሚል ምልክት እጁን አነሳ።

«ትንሽ» አለች እናትየው። «ጠንከር አድርጊው።»