ትንፋሽ እስኪመለስ

«ጋሽ ፈቀደ እኮ ሰላም ሳይሉኝ አልፈው አያውቁም» አለ ፀጉር አስተካካዩ እሸቴ፣ ድንኳኑ ውስጥ ከለቀስተኛው መሀል አግዳሚው ላይ እየተደላደለ። «እኔን፣ ሚስቴን፣ ልጆቼን፣ ገጠር ያለችውን እናቴን ሳይቀር በየስማችን ይጠይቁን ነበር። እንዲህ ያለ ሰው ከእንግዲህ ከየት ይመጣል?»

ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የሟች ልጅ ናዝራዊት ግን አንገቷን ደፋች። ሠልስት ነው። ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ለቀስተኛው የአባቷን ሰላምታ ባነሣ ቁጥር መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ይላታል።

ጋሽ ፈቀደ ኩላሊታቸው ከደከመ ወዲህ ወደ እጥበት የምትወስዳቸው እሷ ነበረች። በእጥበቱ ቀን ጠዋት ጠዋት፣ አራት ኪሎ ያለው መሥሪያ ቤቷ ከመግባቷ በፊት፣ ከዶሮ ማነቂያ ወደ ፒያሳ ዳገቱን አብረው ይወጣሉ። መውጣት ከተባለ ነው እንግዲህ። ሰውየው ጥቂት ይሄዱና ይቆማሉ። «እንዴት አደራችሁ? የልጁ ሳል ተሻለው? እናትየውስ?» የተጠየቀው ይመልሳል፣ እሳቸው እያዳመጡ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ይጠይቃሉ። ናዝራዊት ሰዓቷን እያየች ትንጨረጨራለች።

አንድ ቀን እሸቴ ፀጉር ቤት በር ላይ ትዕግሥቷ አለቀ።

«አባዬ፣ ባንተ ወሬ ከሥራ ልባረር? ሰውንስ ለምን ሥራ ታስፈታለህ?»

እሸቴ ምላጩን እንደያዘ ደነገጠ። ጋሽ ፈቀደ ግን ፈገግ ብለው «እሺ እናቴ» አሉና መንገዱን ቀጠሉ። እስከ ታክሲው ድረስ ማንንም ሰላም አላሉም። እሷም ከፊት ከፊት እየሄደች፣ ዘወር ብላ ፊታቸውን አላየችም።

ከዚያም የባሰ ነገር ነበር፤ እሱን ግን የሚያውቅ የለም። እጥበት ቤቱ ያለው ወጣት ሐኪም አንድ ጊዜ «አባትሽ ዳገት ሲወጡ ይደክማቸዋል? ትንፋሽ ያጥራቸዋል?» ብሎ ጠይቋት ነበር።

«ኧረ በጭራሽ» ብላ ሳቀች። «መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነው የሚሄደው። የሚደክመኝስ እኔ ነኝ።»

ጋሽ ፈቀደም አልጋው ላይ ሆነው አብረው ሳቁ። ሐኪሙ ወደሚቀጥለው በሽተኛ አለፈ።

ነገሩ የታወቀው እጥበት ላይ ሳሉ ተዝለፍልፈው፣ ልባቸው በአልትራሳውንድ ሲታይ ነው። ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው የደም ሥር ውስጥ ግፊቱ እጅግ ጨምሯል ተባለች። ኩላሊታቸው ከደከመ ሰዎች ብዙዎቹን የሚይዝ ነገር ነው፤ ከሰውነት የማይወጣው ውሃ፣ ለእጥበቱ ተብሎ ክንድ ላይ የሚቀጠለው ደም ሥር፣ ሁሉም ልብን ያደክማል። «መጀመሪያ የሚያስታውቀው ዳገት ላይ ነው» አላት ሐኪሙ። «በሽተኛው ቆም እያለ ማረፍ ያበዛል።» ቀድሞ ቢታወቅ ይድኑ እንደሆነ ጠየቀችው። «እሱን መናገር አልችልም። ትንሽ ልናቀልላቸው ግን እንችል ነበር» አለ። ከዚያ ብዙም አልቆዩም፤ ዐረፉ።

ወደ ማታ ላይ ድንኳኑ ሳሳ። እዚያው ዳገቱ ወገብ ላይ በርበሬ የሚሸጡት እትዬ ለተክርስቶስ ግን ሊሄዱ ተነሥተው ናዝራዊት ፊት እንደቆሙ ቀሩ።

«ጓለይ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ሆዴን እየበላኝ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አባትሽ የሚቆሙት ትንፋሽ እያጠራቸው ነበር። ‹ትንፋሼ እስኪመለስ አውሪልኝ› ይሉኛል፣ እኔ ስለ በርበሬው እለፈልፋለሁ። እሸቴም ያውቃል፤ ከታች ሲመጡ ካየ ደንበኛውን ትቶ ብቅ ይላል። ሰላምታቸው ውሸት ነበር ማለቴ አይደለም፤ ከልባቸው ነው የሚጠይቁን። ግን ‹ልጄ ከሰማች ሥራዋን ትታ ስትጠብቀኝ ትውላለች› ብለው አስማሉን። ብነግርሽ ኖሮ ታሳክሚያቸው ነበር። እኔ ነኝ የገደልኳቸው።»

የናዝራዊት ፊት ጋለ። ዳገቱ ሁሉ ያውቅ ነበር፤ ያላወቀችው ክንዳቸውን ይዛ የምትጎትታቸው እሷ ብቻ ነበረች። እሸቴም ዛሬ እሷ ፊት ተቀምጦ የሟችን ምስጢር እየጠበቀላቸው ኖሯል።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። «አይዞዎት፣ ምን ያድርጉ» ብትል፣ እትዬ ለተክርስቶስ ጥፋቱን ሁሉ ለራሳቸው አድርገው ቤታቸው ይገባሉ፤ የሐኪሙን ጥያቄ የሚያነሣ ሌላ ሰው የለም። ናዝራዊት ይህን አሰበች። ማሰቧም አሳፈራት።

«እትዬ፣ ሐኪሙ ጠይቆኝ ነበር» አለች። «‹ዳገት ላይ ይደክማቸዋል?› ብሎ። አይደክመውም ብዬ ሳቅሁ።»

ቀና ብላ ልታያቸው አልቻለችም። የሚሄዱ መስሏት ነበር። እትዬ ለተክርስቶስ ግን ተመልሰው አጠገቧ ተቀመጡ። ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው ዘረጉትና እኩሌታውን እሷ ላይ ጣል አደረጉት።