ለምርቃት የተሰጠችው መጽሔት

ሪሃና ሀምዱ ቡሬ መናኸሪያ አጠገብ ክርና አዝራር ትሸጣለች። ሰው የሚያውቃት በዚሁ ነው። ቴሌግራም ላይ ግን ሌላ ጉድ አላት። አባቷ ጥሎላት ያለፈውን አሮጌ የሥዕል መጽሔት፣ በዚያን ጊዜ ልጅ ሁሉ ተደፍቶ ያነበው የነበረውን «የአባይ ዋናተኛ» የተባለ ተከታታይ፣ አንድ በአንድ እያወጣች ለሰብሳቢዎች ትሸጣለች። ለአንዲት ቀጭን መጽሔት የበግ ዋጋ የሚከፍሉ ሰዎች አሉ ሲሏት መጀመሪያ ስቃ ነበር። አሁን አትስቅም።

አባቷ ሀምዱ፣ አላህ ይዘንለትና፣ በወጣትነቱ ጅጋ ገበያ ዳር ሸራ ወጥሮ መጽሔት ያከራይ ነበር። አሥር ሳንቲም ከፍሎ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማንበብ ነው፤ ይዞ መሄድ የለም። ኋላ ቡሬ መጥቶ ሱቅ ሲከፍትም መጽሔቶቹን አልጣላቸውም፤ በሁለት ካርቶን አድርጎ አልጋ ሥር ገፋቸውና እዚያው ኖሩ። እሱ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው።

ሪሃና ደረጃ ማውጣትን የተማረችው ከሰብሳቢዎቹ ግሩፕ ነው፤ ጭካኔውን ግን የወረሰችው ከአጎቷ ከሰዓድ ነው። ሰዓድ እህል ነጋዴ ነው። ጆንያው ሳይፈታ መፈተሻ ብረቱን ሰክቶ ትንሽ ጤፍ ያወጣና፣ መዳፉ ላይ በተን አድርጎ፣ ባለቤቱ ዓይን ዓይኑን እያየው «ይኼ ሁለተኛ ነው» ይላል። እሷም እንደዚያው ናት። መጽሔቱን ብርሃን ወዳለበት በሩ ላይ ታወጣዋለች። ማዕዘኑ ተጣጥፏል ወይ፣ ጀርባው ተሰንጥቋል ወይ፣ መሐሉን የያዘው ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን በልቶታል ወይ፤ አንድ አይቀራትም። ሽፋኑ ላይ «ሀምዱ መጽሔት ኪራይ፣ ጅጋ» የሚል ክብ ማኅተም ካገኘች አንድ ደረጃ ትቀንሳለች፤ የገዛ አባቷ ማኅተም መሆኑ ሆዷን አያባባውም። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለች ትወርድና፣ ሽፋኑ የወለቀውን አይጥ የቀመሰውን «ለንባብ ብቻ» ብላ ወደ ጎን ትጥለዋለች። ገዢዎቿ «የቡሬዋ ሁለተኛ ካለች ሁለተኛ ነው» ይሏታል። ይህን ስትሰማ መሬት አይበቃትም።

አላላኳም ጥንቅቅ ያለ ነው። መጽሔቱን በላስቲክ ትከተውና በሁለት ካርቶን መሐል ታስገባዋለች። ካርቶኑ ከመጽሔቱ በጣት ያህል መስፋት አለበት፣ አለዚያ ማዕዘኑን መንገድ ይበላዋል። ፕላስተሩም ወረቀቱን ንክች ማድረግ የለበትም። ከላይ በትልቁ «አይታጠፍ» ብላ ትጽፍና ለሚኒባስ ረዳት ትሰጣለች። አንዴ አንዱ ረዳት ተቀምጦበት ፍኖተ ሰላም ድረስ ሄደ። ስትቆጣው «አይታጠፍ ይላል እንጂ አይቀመጡበት መች ይላል» አላት። ከዚያ ወዲህ ሁለቱንም ትጽፋለች።

አንድ ነገር ግን ከሰብሳቢዎቹ የተማረችው አይደለም፤ ምርቃት። ቡሬ ገበያ ተሰፍሮ ካበቃ በኋላ አንድ እፍኝ ጣል ያላደረገ ነጋዴ ከሰው አይቆጠርም። ሪሃናም ለገዛ ሁሉ «ለንባብ ብቻ» ከተባሉት አንዷን ከእሽጉ ውስጥ ታክላለች። የሸጠችውን ትመዘግባለች። ምርቃት ግን ተመዝግቦ አያውቅም።

ጉዱ የፈላው እናቷ ናጂሃ እህቷን ልታስታምም ከሄደችበት ከጅጋ በወሯ ስትመለስ ነው። ጫማዋን ሳታወልቅ ካርቶኖቹን አየቻቸው፤ አንደኛው ባዶ ሆኗል።

«ሪሃና፣ ከእነዚህ መሐል ሽፋን የሌላት፣ መጨረሻዋ በእጅ የተሳለች አለች። እሷን አምጪልኝ። የቀረውን እንደፈለግሽ አድርጊው» አለቻት።

«በእጅ የተሳለች ማለት?»

«የመጨረሻዎቹን አራት ገጾች ሰው ቀዶ ወስዷቸው ነበር። አባትሽ ራሱ ስሎ ተካቸው። ውስጧ ያለችው ልጅ...» ናጂሃ ሻሿን ወደ ግምባሯ ሳብ አደረገች። «እኔ ነኝ። በዚያ ዕድሜዬ የተነሳሁት አንድ ፎቶ የለኝም። ምን እመስል እንደነበር የማየው በእሷ ነው። አባትሽ በሕይወት ሳለ አንዳንዴ አውጥቶ ያሳየኝ ነበር። ጅጋ ከመሄዴ በፊትም አይቻታለሁ።»

ሪሃና ወደ ባዶው ካርቶን ተመለከተች። የሽቦ ዝገት በአጉሊ መነጽር የምትመረምር ሴት ሽፋን የሌላትን መጽሔት እስከ መጨረሻዋ አልገለጠቻትም። ምን ብላ ትገልጣለች? ሽፋን ከሌላት ደረጃዋ የታወቀ ነው።

«ሸጥሻት እንዴ?»

«አልሸጥኳትም።»

«ተመስገን።»

«ለምርቃት ሰጥቻታለሁ፣ እማ።»

«ለማን?»

«አላውቅም።»

ናጂሃ ብትቆጣ፣ ብትራገም፣ ሪሃና ቀለል ይላት ነበር። እናቷ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠችና ጫማዋን ቀስ ብላ ማውለቅ ጀመረች። «ይሁን፣ ምን ይደረጋል፣ ሳታውቂ ነው» አለች። ሪሃናን ያንገበገባት ይህ ደግነቷ ነው።

ለአጎቷ ስትነግረው ሰዓድ ራሱን ነቀነቀ። «እህል ብትሰፍሪ ኖሮ ምርቃቱን ከጆንያው ለቅሞ የሚመልስልሽ ማን ነው?» አላት። እውነቱን ነው፤ ምርቃት መልሱልኝ ማለት ቡሬ ውስጥ ተሰምቶ አይታወቅም። ሪሃና ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ተነሳች። በዚያ ወር የላከችው ለአምስት ሰው ነበርና ለአምስቱም ጻፈች። ሽፋን የሌላት መጽሔት ደርሳችሁ እንደሆነ የእናቴ ናት፤ ከቀሩኝ ውስጥ የወደዳችሁትን መርጣችሁ ውሰዱና እሷን መልሱልኝ አለች።

ሰው ደግ ነው፤ ይህን ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ከአዲስ አበባ ሁለቱ በሰዓቱ ምርቃታቸውን ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው ላኩላት፤ ሌላ መጽሔት ነው። የደብረ ማርቆሱ ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ድረስ ሄዶ ፈተሸ። የባሕር ዳሯ አምለሰት የምትባል ሰብሳቢ ደግሞ የእሷ አለመሆኑን ካረጋገጠች በኋላ «እናትሽን አይዞሽ በይልኝ፣ እኔም ግሩፑ ላይ አፈላልጋለሁ» አለቻት። ሪሃና አንዱን አመስግና ሳትጨርስ ሌላው ይመጣል። አምስተኛው ግን ዝም አለ።

አምስተኛው ዳኘው የሚባል የፍኖተ ሰላም ሰው ነው። ማኅተም ያለባትን ቁጥር አራትን ገዝቶ፣ ማኅተሟ በደንብ መታየቱን ሁለት ጊዜ ጠይቆ ነበር፤ ሪሃናን ያኔም ገርሟታል። መልእክቷን አንብቦታል፤ ምልክቱ ያሳያል። ደወለች፣ አላነሳም። በማግሥቱም ደወለች፤ አላነሳም። ናጂሃ በመጀመሪያው ቀን «መልስ መጣ?» አለች፤ በሁለተኛውም ጠየቀች። በሦስተኛው ቀን አልጠየቀችም። ሪሃና እናቷ ተስፋ መቁረጧን አወቀችና ያን ቀን ምሳ አልበላ አላት።

እሽጉን ያደረሰውን ረዳት ፈልጋ መናኸሪያ ሄደች። ቤቱን ያውቅ እንደሆነ ጠየቀችው፤ አያውቅም።

«እራሳቸው መጥተው ነው የተቀበሉኝ። ቆመው ከፈቱት። ከዚያ መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ጭኜ ስወጣም እዚያው ነበሩ» አላት።

«ታመው ነው?»

«እኔ እንጃ። የሚያነቡ መሰለኝ።»

በስድስተኛው ቀን፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ አንድ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። በሁለት ስስ ጣውላ መሐል የገባ፣ በገመድ ግራና ቀኝ የታሰረ ነገር ታቅፏል። ሪሃና አስተሳሰሩን አይታ በሙያው ቀናች፤ በዚያ ላይ እንኳን ረዳት ሌላም ቢቀመጥበት ግድ የለም።

«የቡሬዋ አንቺ ነሽ? ዳኘው እባላለሁ። ፍኖተ ሰላም እንጨት ሥራ አለኝ። የጋሽ ሀምዱ ባለቤት አሉ?»

ሪሃና «ጋሽ ሀምዱ» ሲል ደንገጥ አለች፤ የአባቷን ስም እንዲህ አድርጎ የሚጠራው የድሮ ሰው ብቻ ነው። ከሱቁ ጀርባ ወዳለው ቤት አስገባችው። ወንበር ብትሰጠው አልቀመጥም አለ። ውኃ ብታቀርብለት አልነካም። ናጂሃ ስትገባ ባርኔጣውን አወለቀ።

«እትዬ፣ ሳልቀመጥ ልናገር። እነዚያን አራት ገጾች የቀደድኳቸው እኔ ነኝ።»

ናጂሃ መቀመጫ ሳበችና ተቀመጠች።

«አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከአባቴ ጋር ጅጋ ገበያ ወጥቼ አሥር ሳንቲሜን ለጋሽ ሀምዱ ሰጥቼ ተቀመጥኩ። ዋናተኛው አባይ መሐል እየሰመጠ ሳለ ሰዓትህ አልቋል አሉኝ። ሌላ ሳንቲም የለኝም። ዘወር ሲሉልኝ የቀረውን ቀድጄ ደረቴ ውስጥ ከተትኩና ሮጥኩ። መንገድ ላይ ዝናብ ያዘን። ቤት ደርሼ ሳወጣው ገንፎ ሆኗል፤ አንድ ቃል አላነበብኩም። ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል አላለፍኩም፤ ገበያ የምገባው ዞሬ ነው። ዋናተኛው ይሙት ይዳን ሳላውቅ አርባ ዓመት ኖርኩ። ልጄ ሜላት ስልኳ ላይ ማኅተሙን ስታሳየኝ፣ እንዲያው አንዷን እንኳ በሙሉ ዋጋዋ ልግዛ፣ ካሳ ትሁነኝ አልኩ። ስከፍተው ልጅዎ ምርቃት ብላ ይቺን አስገብታልኛለች።»

«ለምን ዝም አሉኝ ታዲያ፣ ጋሼ?» አለች ሪሃና። ስድስት ቀን ሙሉ ያቃጠላት ነገር ነውና ድምፅዋ ሻከር አለ።

«አፈርኩ፣ ልጄ። በስልክ የሚባል አይደለም። ደግሞ ልዋሽ አልችልም፣ ላለመመለስም አስቤያለሁ። መጨረሻውን ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም።»

ገመዱን ፈታ፣ ጣውላውን አነሳ። ናጂሃ መጽሔቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ከኋላ ገለጠቻት። ሪሃናም በትከሻዋ ላይ አጎንብሳ አየች። እርሳሱ በቀለም ተደግሟል። ሀምዱ አባይን አይቶ አያውቅ ኖሮ ወንዙ የጅጋ ገበያን መንገድ ይመስላል፤ ዳር ላይ ሻሿን ወደ ጎን ያሰረች፣ አገጯ ላይ ነጥብ ያላት ልጃገረድ ገመድ ወርውራ ዋናተኛውን ትጎትታለች። አጠገቧ፣ ምን ሊሠራ እንደሆነ እንጃ፣ የበርበሬ ቁና አለ። ሪሃና እናቷን እንዲህ ሆና አይታት አታውቅም። እንባዋ መጣ።

«አፍንጫዬን አስረዝሞታል» አለች ናጂሃ፣ ስቃ። ጣቷ ግን ከሥዕሉ ላይ አልነሳ አለ።

ዳኘው አሁንም ቆሟል። «ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ። እሳቸውን ይቅርታ ለመጠየቅ ዘገየሁ።»

«ቁጭ በል» አለችው። ተቀመጠ። «እኔ ከእናቴ ጋር በርበሬ የምሸጠው ከሀምዱ ሸራ ፊት ለፊት ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ቃል አልተነፈሰልኝም፤ ሳየው ዓይኑን መሬት ይተክላል። በኋላ አንድ የገበያ ቀን ወረቀትና እርሳስ ይዞ መጣ። ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። 'መጽሔት ቀደውብኝ የጎደለውን ልስል ነበር፣ የሴት ፊት አልሆን አለኝ፣ እባክሽ ትንሽ ዝም ብለሽ ተቀመጪልኝ' አለኝ። መጀመሪያ ያናገረኝ ያን ቀን ነው። ለአራት ገጽ አራት ወር ፈጀ። በአምስተኛው ሽማግሌ ላከ።»

ዳኘው ባርኔጣውን ጭኑ ላይ ጨብጦ ያዳምጣል።

«አንተ ባትቀድዳት ሀምዱ መሬት መሬት እንዳየ ይቀር ነበር። እኔም ለአጎቴ ወዳጅ ልጅ ልዳር ተቆርጦልኝ ነበር» አለች ናጂሃ። በአገጯ ወደ ሪሃና ጠቆመች። «ይቺም አትኖርም ነበር። ምኑን ነው ይቅር የምልህ? አላህ ይስጥልኝ።»

ሰውየው ፊቱን በባርኔጣው ሸፈነ። ሪሃና ያልነካውን ውኃ አንስታ ወደ እጁ አቀረበችለት።

«እንኳንም ቀደዱት፣ ጋሼ» አለችው።