ወፍ አንሺው ፎቶ የለውም

«ተቀመጪ እንጂ አንቺ ልጅ! ሐዘንተኛ እንዲህ አይቅበዘበዝም» አለች ከላንቴ መንደር የመጣችው አክስቷ፣ የሄራንን ነጠላ ጫፍ ይዛ።

ሄራን ተቀመጠች። ፍራሹ ላይ ከእናቷ ከማሚቱ አጠገብ ሁለት ደቂቃ ቆየችና የአባቷን ካሜራ ይዛ እንደገና ብድግ አለች። አባቷ ታዴዎስ ከተቀበረ ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ነገ ከሰዓት መዘምራኑ ይመጣሉ፣ የሕይወት ታሪኩ ይነበባል፣ ከዚያ ድንኳኑ ይፈርሳል። እስከዚያ የሟች ፎቶ ትልቅ ሆኖ ድንኳኑ ውስጥ መሰቀል አለበት። ፎቶ ግን የለም።

ፎቶስ ሞልቷል። ካሜራው ውስጥ ከአራት ሺህ በላይ የወፍ ፎቶ አለ። ጣሪያ ላይ የቆመ አባ ኮዳ፣ የልብስ ማስጫ ገመድ ላይ የተደረደሩ ቢጫ ወፎች፣ የውሃ በርሜል አፍ ላይ የምትጠጣ ርግብ። ሰው አንድም የለም። የጡረታ መታወቂያውን አመጡላት፤ ማህተሙ ግማሽ ፊቱን በልቶታል። የሠርጉን ፎቶ አመጡላት፤ ማሚቱ ጎፈሬውን ጎረምሳ አይታ «ይኼ ነው ያገባኝ?» ብላ በለቅሶዋ መሃል ሳቀች። ሄራን ስልክ ላይ ያሉትም አይረቡም። ታዴዎስን ላንሳህ ሲሉት እሱም ካሜራውን ፊቱ ላይ ይደቅናል፤ አባትና ልጅ ካሜራ ለካሜራ ተፋጥጠው ይቀራሉ።

የሚያቅበዘብዛት ግን ድንኳኑ ብቻ አልነበረም። ዓይኗን ስትጨፍን ፊቱ አይመጣላትም። ካሜራው ይመጣል፣ ከካሜራው ጎን ጆሮው ይመጣል፣ ፊቱ ግን እምቢ ብሏል። ይህን ለእናቷ እንኳ መናገር አፈረች።

ታዴዎስ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር የውሃ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ያልገባበት ግቢ፣ ያልለመደው ውሻ አልነበረም። ጡረታ ሲወጣ አሮጌ ካሜራ ገዛና በየአጥሩ ሥር መቆም ጀመረ። «ታዴዎስ አሁን ደግሞ የወፍ ቆጣሪ ያነባል» ብሎ ሰፈሩ ሲስቅበት እሱም አብሮ ሳቀ። «ጫካ ያለችውንማ ቱሪስቱ ሁሉ ያነሳታል፤ እኛ ጋ የምታድረውን ማን ያንሳት?» ይል ነበር።

ሳቁ ያበቃው ባለፈው ዓመት ነው። ከአጥር ወዲያ አቶ ባዘዘው ይኖራሉ፤ ከጎጃም በመንግሥት ሥራ መጥተው አርባ ምንጭ ላይ ጡረታ የወጡ ቁጥብ ሰው። አንድ ጠዋት ቀና ሲሉ ታዴዎስ መሰላል ላይ ወጥቶ ካሜራውን ወደ ግቢያቸው ደግኖ አዩት። ፓፓያው ሥር ባለቤታቸው ፀጉራቸውን ይታጠቡ ነበር። ነገሩ ቀበሌ ደረሰ። «ወፏን ነው» ቢል ማን ይስማው? አቶ ባዘዘው አጥሩ ላይ ቆርቆሮ አስጨመሩ፤ ሰላምታም ቀረ።

ያን ሰሞን ሄራን ከሐዋሳ ደውላ የተናገረችው ነው ዛሬ የሚያቃጥላት። «አባዬ፣ በስተርጅና አታዋርደን! ሰው ምን ይለናል?» እሱም ካሜራውን በፎጣ ጠቅልሎ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ አስቀመጠው፤ እስኪሞት አላወረደውም። ትናንት ያወረደችው እሷ ናት። የመጨረሻው ፎቶ ቀኑ ያ የጠቡ ጠዋት ነው። ከፓፓያው ቅጠል ሥር የተንጠለጠለች ጎጆ፣ ሁለት የተከፈቱ አፎች፣ የምታጎርሳቸው አውራ ጣት የምታህል ወፍ። ሌላ ምንም የለበትም። እውነቱን ነበር። ሄራን ይህን ያወቀችው አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ በሩ ዞረ። አቶ ባዘዘው በሩ ላይ ቆመዋል። እጃቸው ላይ እርጥብ ሣር ይዘዋል።

በጋሞ እርጥብ ሣር ይዞ ለዕርቅ የመጣን ሰው እምቢ ማለት ነውር ነው። አቶ ባዘዘው ይህን ሲያዩ ኖሩ እንጂ ራሳቸው ይዘው አያውቁም። የነቀሉትም ከነሥሩ ስለነበር አፈሩ ጫማቸው ላይ ይረግፋል። ማሚቱ ፊት መጥተው ጎንበስ አሉ።

«ይህን ይዤ መምጣት የነበረብኝ ለሱ ነው፣ እመት ማሚቱ። ዘገየሁ። ይቅር በሉኝ።»

አክስቲቱ ለማሚቱ በጋሞኛ አንድ ነገር አንሾካሾከችላት። ከዚያ ማሚቱ እጇን ዘርግታ ሣሩን ተቀበለች።

«ይቀመጡ፣ ጋሼ» አለች።

አልተቀመጡም። ወደ ሄራን ዞረው ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ፎቶ ቸገራቸው ሲሉ ሰማሁ። እኔ ጋ አንድ አለ፤ ለቀበሌ ማስረጃ ብዬ ያነሳሁት። ልሰርዘው አስቤ እጄ እምቢ አለኝ።»

ታዴዎስ መሰላሉ ላይ ነው። ካሜራውን ደረቱ ላይ አውርዶታል። የጠዋት ፀሐይ ሙሉ ፊቱ ላይ አርፋለች። ጥርሱ የተሸረፈበት፣ ግንባሩ የተሸበሸበበት፣ ዓይኖቹ የሚስቁ። ወዳነሳው ሰው ዞሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጓል። ሄራን ስልኩን በሁለት እጇ ያዘች፤ «አባዬ» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰች።

«አፍህን ዝጋ ብሎ የዛተብኝ መስሎኝ ነበር» አሉ አቶ ባዘዘው። «ቀበሌም ይኸንኑ ነው የተናገርኩት።»

ሄራን እንባዋን ሳትጠርግ ካሜራውን ከፍታ የመጨረሻውን ፎቶ አሳየቻቸው። «ጫጩቶች ነበሩ፣ ጋሼ። እነሱ እንዳይደነግጡ ብሎ ነው።»

ሽማግሌው መነጽራቸውን ወደ ላይ ገፍተው ረጅም ጊዜ አዩ። ፓፓያው የራሳቸው ነው፤ ጎጆዋን ግን አይተዋት አያውቁም።

ፎቶውን በባጃጅ ሲቀላ ሰፈር ወዳለው ፎቶ ቤት ወስደው አሳጥበው እኩለ ቀን ላይ ሰቀሉት። ከሰዓት ከጫኖ መንደር የመጡ ዘመዶች ከበር ጀምረው እየጮኹ ገቡ። ፊት ፊት የምትመጣው ሴት ደረቷን ልትመታ እጇን እንዳነሳች ፎቶውን አየችው፤ ጩኸቷ ከመሃል ተቋረጠ። ከኋላዋ ያሉትም አንድ በአንድ ዝም አሉ። ያኔ ከቆርቆሮው ወዲያ፣ ከፓፓያው በኩል፣ ቀጭን የወፍ ድምፅ ተሰማ።

«ምንድን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

ሄራን ሄዳ ፍራሹ ላይ ከእናቷ አጠገብ ተቀመጠች። ማንም ተቀመጪ አላላትም። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች።